ልጅን ለቁም ነገር ባሌት ማስመዝገብ፦ ጥሩውን ትምህርት ቤት በምን እንለየው?

በአሜሪካ ግንቦት ሲገባ ብዙ የዳንስ ስቱዲዮዎች ለወላጆች ኢሜይል ይልካሉ። «ልጅዎ ጥሩ ችሎታ ስላሳየች ለሚቀጥለው ዓመት ፕሪ-ፕሮፌሽናል ክፍላችን እንድትገባ መርጠናታል» ይላል። ወላጅ ደስ ይለዋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የክፍያው ዝርዝር አለ። በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ትምህርት፣ የሰመር ሥልጠና፣ የትርዒት ልብስ፣ ጫማ፣ አንዳንዴም የውድድር ጉዞ።

እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ወላጅ ግራ ይጋባል። ስለ ሒሳብ ወይም ስለ እግር ኳስ ቢሆን የሚጠየቅ ዘመድ አይጠፋም። ባሌት ግን አብዛኞቻችን ያላደግንበት ነገር ነው። ስለዚህ ምርጫው በሕንፃው ውበት፣ በዋንጫው ብዛት ወይም ለቤት ባለው ቅርበት ይወሰናል። ስህተቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ልጅቷ 14 ዓመት ሞልቷታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ መሠረቱም በቅጡ አልተጣለም።

ከዚህ በታች «ልጅቷ» እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። ወንዶች ልጆችም ይማሩታል፤ ስለ እነሱም እመለስበታለሁ።

«ፕሪ-ፕሮፌሽናል» የሚለውን ስም ማን ይሰጣል?

ትምህርት ቤቱ ራሱ ለራሱ ይሰጣል። በአሜሪካ የሰው ፀጉር ቆርጦና ቀለም ቀብቶ ለመተዳደር የስቴት ፈቃድ ያስፈልጋል። የሌላ ሰው ልጅን ባሌት ለማስተማር ግን የመምህርነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ የለም። ቤት የተከራየ፣ መስታወት የሰቀለ ሁሉ በሩ ላይ «አካዳሚ» ብሎ መጻፍ ይችላል።

ቃሉ በአግባቡ ሲሠራበት ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንድ ልጅ 18 ዓመት ገደማ ሲሞላው የባሌት ኩባንያ ፊት ቀርቦ ለመቀጠር የሚፈተንበት ደረጃ ላይ ሊያደርሰው የሚችል ሥልጠና ማለት ነው። ኩባንያ ስንል ደመወዝ እየከፈለ ዳንሰኞችን የሚያሠራ ቡድን ነው።

ገበያው ላይ የምታገኟቸው ቤቶች በጣም የተለያዩ ናቸው። ብዙዎቹ የሰፈር ስቱዲዮዎች ናቸው፤ በሳምንት አንዴ ባሌት፣ ጃዝ፣ ታፕ ያስተምራሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ትርዒት ያሳያሉ። ለአብዛኛው ልጅ ይሄው ይበቃል፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሌሎቹ የውድድር ስቱዲዮዎች ናቸው። እነዚህ ሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚፈጁ ዳንሶችን አጥንተው ቅዳሜና እሁድ ዳኛ ፊት ያቀርባሉ። ልጆቹ ጎበዞችና ደፋሮች ይሆናሉ፤ የባሌት መሠረት መጣሉ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ከዚያ ባሌትን ዋና ሥራቸው ያደረጉ ትምህርት ቤቶች አሉ። በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሜሪላንድ ዩዝ ባሌት የዚህ ዓይነት ነው፤ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት ከተማ መሆኑን ብዙ ወላጆች አያውቁም። ከኩባንያ ጋር የተያያዙም አሉ። ዋሽንግተን ስኩል ኦፍ ባሌት ከዋሽንግተን ባሌት፣ ኒውዮርክ ያለው ስኩል ኦፍ አሜሪካን ባሌት ደግሞ ከኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የኒውዮርኩን ትምህርት ቤት በ1934 የከፈቱት የዳንስ ደራሲው ጆርጅ ባላንሺንና የኪነ ጥበብ ደጋፊው ሊንከን ከርስቲን ናቸው። ባላንሺን አሜሪካ መጥቶ ኩባንያ እንዲመሠርት ሲጠየቅ «መጀመሪያ ግን ትምህርት ቤት» ማለቱ ይነገራል። ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት የተመሠረተው ከ14 ዓመት በኋላ በ1948 ነው። ዳንሰኛ ለማፍራት የሚወስደውን ጊዜ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በመጨረሻም የአዳሪ ቤቶቹ አሉ፤ የለንደኑ ሮያል ባሌት ስኩል፣ የሴንት ፒተርስበርጉ ቫጋኖቫ አካዳሚ፣ የፓሪስ ኦፔራ ትምህርት ቤት። የፓሪሱ በ1713፣ የሴንት ፒተርስበርጉ በ1738 የተመሠረቱ ናቸው። ልጅ ወደነዚህ ቤቶች ለመግባት የሚፈተነው አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 11 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው።

ቫጋኖቫ፣ ቼኬቲ፣ ባላንሺን ሲባል ምን ማለት ነው?

የትምህርት ቤቶችን ድረ-ገጽ ስታዩ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ «እኛ የምናስተምረው በዚህ ዘዴ ነው» የሚል ነው። ነገሩን በእኛው ዜማ ቤት ማሰብ ይቀላል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ሆኖ ሳለ የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት ይባላል። ድጓው ድጓ ነው፤ አወራረዱና አነሣሱ ግን ተማሪው የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ያሳብቅበታል። የባሌት ዘዴም እንደዚያው ነው። አምስቱ መነሻ የእግር አቋቋሞች በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ፣ የክንዱ አያያዝ፣ የፍጥነቱ ነገር ይለያል።

የቫጋኖቫ ዘዴ ስሙን ያገኘው በ1934 የማስተማሪያ መጽሐፏን ካሳተመችው ከሩሲያዊቷ መምህርት ከአግሪፒና ቫጋኖቫ ነው። ስምንት ዓመት የሚፈጅ፣ ቀስ ብሎ የሚገነባ፣ ጀርባንና ክንድን ከእግር ጋር አንድ ላይ የሚያሠራ ነው። ቼኬቲ ከጣሊያናዊው መምህር ከኤንሪኮ ቼኬቲ የመጣ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን የተወሰነ ልምምድ አለው። ባላንሺን ፍጥነትንና ከሙዚቃው ጋር መዋሃድን ያስቀድማል። የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ በ1920 የተቋቋመ ሲሆን፣ በብዙ አገር በደረጃ የተከፋፈለ ፈተና ይሰጣል። ከዱባይ ወደ ለንደን ወይም ወደ ቶሮንቶ ሊዛወር ለሚችል ቤተሰብ ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው። ልጅቷ በሄደችበት «የትኛው ደረጃ ላይ ነሽ?» ስትባል የምትሰጠው መልስ ይኖራታል።

ከእነዚህ የቱ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለወላጅ ብዙም አይጠቅምም። በሁሉም ዘዴ ታላላቅ ዳንሰኞች ወጥተዋል። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ሥርዓት አለው? መምህራኑስ ያንን ሥርዓት ከማን ተማሩት? የሰኞዋ መምህርት ክንድሽን እንዲህ ያዢ፣ የረቡዕዋ ደግሞ እንዲያ ያዢ የሚሉባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁለቱንም ሳትይዝ ትቀራለች። ለ16 ዓመት ልጅ ግን ብዙ ዘዴ ማየቱ ሀብት ነው፤ ኩባንያ ስትገባ ይጠቅማታል።

በስንት ዓመቷ ትጀምር? በሳምንት ስንት ሰዓት?

ከሰባት ዓመት በታች «ቁም ነገር» የሚባል ባሌት የለም። በዚያ ዕድሜ ልጅ ሙዚቃ መስማት፣ ቦታ መጠቀም፣ መዝለል፣ ተራ መጠበቅ ትማራለች። ለአምስት ዓመት ልጅ «ልዩ የላቀ ክፍል» ብሎ ብዙ የሚያስከፍል ቤት ገንዘባችሁን እየወሰደ ነው። ታላላቆቹ አዳሪ ቤቶች እንኳ 10 ዓመት አካባቢ ድረስ ይጠብቃሉ።

ስምንት ዓመት ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። 10 ዓመት ገደማ ሦስት ወይም አራት ቀን ይሆናል። ከ12 እስከ 13 አምስት ቀን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ስድስት ቀን ይደርሳል። አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ እያስተማረ ፕሪ-ፕሮፌሽናል ነኝ የሚል ቤት ሐቀኛ አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ በሳምንት 15 ሰዓት የሚያሠራም ጥሩ አላሰበም።

ፖይንት ላይ መቼ ትውጣ?

ፖይንት ማለት ጫፉ በተጠናከረ ጫማ በእግር ጣት ጫፍ ላይ መቆም ነው። ሴት ልጅ ባሌት ስትጀምር የምታልመው እሱን ነው፤ አንዳንድ ቤቶችም ይህን ሕልም ይሸጣሉ። አንድን ትምህርት ቤት በአንድ ጥያቄ ብቻ ፈትኑ ብባል ይሄንን እመርጥ ነበር፦ ልጆችን ወደ ፖይንት የምታወጡት በምን መለኪያ ነው?

ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ለዚህ ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ከ12 ዓመት በፊት አይሁን ይላል። 12 ዓመት ስለሞላት ብቻም አይሁን ይላል። የሆድ፣ የዳሌና የእግር ጡንቻዋ ደካማ ከሆነ ይቆይ፤ ቁርጭምጭሚቷ ከመጠን በላይ የሚተጣጠፍ ከሆነ ይቆይ፤ ባሌት የምትማረው በሳምንት አንዴ ብቻ ከሆነ ደግሞ ባይሆን ይመረጣል። በሳምንት ሁለት ቀን የምትማር ከሆነ በአራተኛው ዓመቷ ልትጀምር ትችላለች።

ምክንያቱ የአጥንት ነገር ነው። የልጅ እግር ውስጥ ያሉ አጥንቶች እስከ አሥራዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እያደጉ ናቸው፤ የሚያድጉበት ጫፍ ለስላሳ ነው። መላው የሰውነት ክብደት በሁለት ጣት ጫፍ ላይ ሲያርፍ ያንን ክብደት የሚሸከመው ከላይ ያለው ጡንቻ መሆን አለበት። ጡንቻው ካልተዘጋጀ ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል።

ጥሩ መምህር ለአንዷ አሁን፣ ለጓደኛዋ ከስድስት ወር በኋላ ሊል ይችላል። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ወላጅም ይከፋዋል። እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር መቆም ያስፈልጋል። የዘጠኝ ዓመት ልጆች በፖይንት ጫማ ተሰልፈው የሚታዩበት ፎቶ ያለው ቤት ግን ሌላውን ሁሉ ሳትጠይቁ ልታልፉት ትችላላችሁ።

ልንጎበኝ ስንሄድ ምን እንይ?

ክፍል ተቀምጣችሁ እንድታዩ ጠይቁ። ሁልጊዜ ላይፈቀድ ይችላል፤ በዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወላጅ የማያይበት ቤት ግን ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

ስትገቡ ዓይናችሁ ወደ ምርጧ ልጅ ይሄዳል። ጎበዝ ልጅ የትም ቢሆን ጎበዝ ናት፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙም አትነግራችሁም። መጨረሻው ረድፍ ላይ ያለችውን እዩ። መምህሩ ይደርስባታል? በስሟ ይጠራታል? የተነገራትን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣታል? መካከለኛና ደካማ ልጆች በሥርዓት ከቆሙ ያ ቤት ማስተማር ይችላል።

ቀጥሎ ጉልበት እዩ። በባሌት እግር ከዳሌ ጀምሮ ወደ ውጭ ይዞራል። ሁሉም ሰው በእኩል መጠን አይዞርለትም፤ የዳሌ አጥንት ተፈጥሮ ነው። ልጆች ግን ፍጹም ሆኖ እንዲታይ መርገጫቸውን ወለሉ ላይ አስጨንቀው ያዞሩትና ከላይ ያለው ጉልበት ወደ ፊት ይቀራል። የሚጎዳው እሱ ነው። ጉልበታቸውን ሲያጥፉ ጉልበቱ ከእግር ጣቶች ጋር በአንድ አቅጣጫ መሄዱን ተመልከቱ። የውስጥ እግራቸው ወደ መሬት የወደቀ፣ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ የገባ ብዙ ልጆች ካያችሁና መምህሩ ዝም ካለ፣ ከመምህሩ ጀርባ የተሰቀለው ዲፕሎማ አያሳምናችሁ።

የእርማቱን ቃል አድምጡ። «በርቺ፣ ፈገግ በይ፣ ከፍ አድርጊ» ብቻ ከሆነ ትምህርት አልተጀመረም። «የቆምሽበትን ዳሌ ሳብ አድርጊ፣ ትከሻሽን ልቀቂ፣ ከዝላይ ስትወርጂ ተረከዝሽ መሬት ይንካ» ዓይነት ከሆነ መምህሩ የሚያየውን ያውቃል።

ወለሉን ጠይቁ። ለዝላይ የሚሆን ወለል ከሥሩ የሚለመጥ የእንጨት ርብራብ ያለው ነው፤ ከላዩ የማያንሸራትት የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ምንጣፍ ለዓይን አንድ ዓይነት ነው፤ በሳምንት በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ለሚዘል ቅልጥም ግን አንድ አይደለም። ጫማችሁን አውልቃችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝለሉበት። ሰው ቢያይም ግድ የለም።

ፒያኖ የሚጫወት ሰው ክፍል ውስጥ ካለ ትልቅ ነገር ነው። ከሌለ ግን ቤቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ስለ ቀድሞ ተማሪዎች ስትጠይቁ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ቤቶች ለአንድ ሰመር ብቻ የመጣችን ልጅ «የእኛ ተማሪ» ብለው ፎቶዋን ይሰቅላሉ። «ከስንት ዓመቷ እስከ ስንት ዓመቷ እዚህ ተማረች?» ብላችሁ ጠይቁ። ከስምንት እስከ 17 ዓመቷ ያሳደጓት አንዲት ልጅ፣ በግድግዳ ከተሰቀሉ ሃያ ፎቶዎች ትበልጣለች።

ልጆች እግራቸውን ጆሯቸው ድረስ ያነሱባቸው ፎቶዎችም ብዙዎችን ይማርካሉ። የሚተጣጠፍ ሰውነት ከተፈጥሮ ይመጣል። ያንን ሰውነት መቆጣጠር ነው የሚማሩት።

ወጪው ስንት ይደርሳል?

በ2015 ፋይቭ-ሰርቲ-ኤይት የተባለ የአሜሪካ ድረ-ገጽ አንዲትን ልጅ ከጀማሪነት እስከ ኩባንያ ደጃፍ ለማድረስ የሚወጣውን አስልቶ ከ100,000 ዶላር በላይ አድርሶታል። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሚዘረጋ ወጪ ነው። ብዙውን የሚወስዱት የዓመት ክፍያ፣ የሰመር ሥልጠናና የፖይንት ጫማ ናቸው። አንድ ጥንድ ጫማ 100 ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ያወጣል። ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያለች ልጅ አንዱን ጥንድ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ትጨርሰዋለች።

ከመመዝገባችሁ በፊት የዓመቱን ሙሉ ወጪ በጽሑፍ ጠይቁ። ትርዒት፣ ልብስ፣ ፈተና፣ የግል ትምህርት ሁሉ ይካተት። ብዙ ትምህርት ቤቶች የገቢ ማስረጃ ለሚያቀርብ ቤተሰብ ቅናሽ አላቸው፤ ድረ-ገጹ ላይ በትልቁ ስለማይጻፍ ሳይጠየቅ ይቀራል። የእኛ ሰው ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍለዋል። ለወንዶች ልጆች ደግሞ ተማሪ ስለሚያንስ ብዙ ቤቶች በጣም ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አያስከፍሉም። በእንግሊዝ መንግሥት በሙዚክ ኤንድ ዳንስ ስኪም በኩል እንደ ቤተሰብ ገቢ የተወሰኑ ትምህርት ቤቶችን ክፍያ ይደጉማል።

የሰመር ሥልጠና ለብቻው ይታይ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት የሚቆይ ሲሆን ኦዲሽኑ (የመምረጫ ፈተናው) በአብዛኛው በጥርና በየካቲት አካባቢ ይካሄዳል። ለትምህርት ቤቶቹ የገቢ ምንጭም ስለሆነ ተቀባይነት ማግኘት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ስኮላርሺፕ ከሰጧት ወይም ዓመቱን ሙሉ ትቆይልን ካሉ ግን ምልክቱ እውነተኛ ነው። ከ12 ዓመት በፊት ቤት አጠገብ ያለው ይበቃታል።

ውድድርስ? ዩዝ አሜሪካ ግራን ፕሪ ከ1999 ጀምሮ፣ የስዊዘርላንዱ ፕሪ ደ ሎዛን ከ1973 ጀምሮ የሚካሄዱ ሲሆኑ ለብዙዎች የስኮላርሺፕ በር ከፍተዋል። ፕሪ ደ ሎዛን የሚቀበለው ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ነው። የ10 ዓመት ልጅ አንዲትን የሁለት ደቂቃ ዳንስ ስድስት ወር ስትደጋግም የሚባክነው ግን የትምህርት ጊዜዋ ነው።

ስለ ምግብና ስለ ጾም ምን እናድርግ?

ባሌት ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በ2014 የወጣ የጥናቶች ክለሳ ዳንሰኞች በአመጋገብ መታወክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለአንድ ችግር RED-S (በስፖርት የሚመጣ የኃይል እጥረት) የሚል ስም ሰጠ። ልጅ ከምታወጣው ኃይል ያነሰ ስትበላ ሰውነቷ መጀመሪያ አጣዳፊ ያልሆኑትን ሥራዎች ይዘጋል። የወር አበባ ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ቁስል አይድንም፣ ትኩረትም ይጠፋል። 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካልጀመረች፣ ወይም ጀምራ ሦስት ወር ከቀረባት ሐኪም ማየት አለባት። «ዳንሰኞች እንዲህ ናቸው» የሚል መምህር ካለ አትስሙት።

ለእኛ ቤተሰብ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ ትልቁ የዓመቱ ትርዒት ታኅሣሥ ላይ የሚቀርበው ነትክራከር ነው። ልምምዱም ትርዒቱም ልክ በነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ድረስ ማለት ነው። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተለማምዳ፣ ቁርሷን ሳትበላ ከዋለች ሰውነቷ የሚያሠራው ነገር የለውም። በረመዳንም እንደዚሁ ነው።

ልጁን ከእምነቱ ማራቅ መፍትሔ አይደለም። ከንስሐ አባት ጋር ወይም ከኢማም ጋር ስለ ሰዓቱና ስለ ልጅቷ ድካም በግልጽ መነጋገር ይቻላል፤ አባቶች ለሕፃናትና ለደከመ ሰው የሚሉት አላቸው። የጾም ምግብ ራሱ ችግር የለበትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ለውዝ፣ ተልባ በደንብ ከተበላ ይይዛል። የሚጎዳው ማነሱና መዘግየቱ ነው። ረጅም ጾም የምትጾም ልጅ የብረት፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ቢ 12 ነገሯን ሐኪሟ ይከታተልላት። ለመምህሯም ንገሩ። መምህሯ ስለ ጾም ስትሰማ «ጥሩ፣ ትቀንሳለች» ካለች በዚያው ቀን ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ልጄ እዚያ ውስጥ ደህና ናት?

በ2019 ፋልተር የተባለ የኦስትሪያ ሳምንታዊ መጽሔት በቪየና ስቴት ኦፔራ የባሌት አካዳሚ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን አጋለጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገለልተኛ አጣሪ ቡድን ባወጣው ሪፖርት ልጆቹ በቂ ጥበቃ እንዳልተደረገላቸው፣ ክብደት እንዲቀንሱ እንዲያጨሱ እስከመመከር እንደተደረሰ ገለጸ። በዓለም ከሚከበሩ ቤቶች አንዱ ነበር። ታላቅ ስም ልጅን አይጠብቅም።

በአሜሪካ ለኦሊምፒክ ስፖርቶች ከ2017 ጀምሮ ሴፍስፖርት የተባለ ማዕከል በደልን ይመረምራል። ባሌት የኦሊምፒክ ስፖርት ስላልሆነ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጥያቄውን የሚጠይቀው ወላጅ ነው። መምህራኑ የወንጀል መዝገባቸው ተጣርቷል? የክፍሉ በር መስኮት አለው? መምህር ከልጅ ጋር በግል ስልክ መጻጻፍ ይፈቀድለታል? ልጅን ለማስተካከል ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል? የልጆች ክብደት በሌሎች ፊት ይለካል? ተጎዳሁ ያለች ልጅ ተቀምጣ እንድታይ ይፈቀድላታል ወይስ ሚናዋን ታጣለች? ጥሩ ቤት እነዚህን ሲሰማ አይቆጣም፤ የተጻፈ ደንብ አውጥቶ ያሳያችኋል።

ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ ፀጉርም ቀድማችሁ ጠይቁ። ሮዝ ታይትና ሮዝ ጫማ ለነጭ ቆዳ የተመረጠ ነው። በ1969 የተመሠረተው ዳንስ ቲያትር ኦፍ ሃርለም የተባለው የኒውዮርክ ባሌት ኩባንያ ዳንሰኞቹ በቆዳቸው ቀለም እንዲለብሱ ካደረገ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ታዋቂው የለንደን ጫማ ሠሪ ፍሪድ ግን ቡናማ የፖይንት ጫማ ያወጣው በ2018 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጥቁር ዳንሰኞች ጫማቸውን በሜካፕ ይቀቡ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤቶች ይፈቅዳሉ። ሹሩባ ተሠርቶ ከኋላ ሲጠቀለል ሥርዓት ያለው የባሌት ፀጉር ይሆናል። «ካልተተኮሰ አይሆንም» የሚል ቤት ካለ ሌላ ቤት አለ።

ዘግይታ ብትጀምርስ? መጨረሻውስ?

ሚስቲ ኮፕላንድ የመጀመሪያ የባሌት ትምህርቷን የወሰደችው በ13 ዓመቷ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በ2015 የአሜሪካን ባሌት ቲያትር ዋና ዳንሰኛ ስትሆን በኩባንያው 75 ዓመት ታሪክ ለዚያ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ነበረች። እንደሷ ያለ ብርቅ ነው፤ በ11 ወይም በ12 የጀመረች ልጅ በሯ ተዘግቷል ማለት ግን አይደለም። ወንዶች ደግሞ ከዚያም ዘግይተው ጀምረው ይደርሳሉ።

ከሚጀምሩት ብዙዎቹ ኩባንያ አይገቡም። በታላላቆቹ ቤቶችም በየዓመቱ «አትቀጥሉም» የሚባሉ አሉ። ከገቡትም ብዙዎቹ መጀመሪያ አንድ ሁለት ዓመት ሠልጣኝ ተብለው ያለ ደመወዝ፣ አንዳንዴም ራሳቸው እየከፈሉ ይሠራሉ። ስለዚህ የቀለም ትምህርቷን እንዳታጣ አድርጉ። በኢንተርኔት መማር በ16 ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለ11 ዓመት ልጅ «ከትምህርት ቤት አስወጧት» የሚል ፕሮግራም ግን በጣም ጥሩ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ዩኒቨርሲቲም መንገድ ነው። ጁሊያርድ ከ1951 ጀምሮ የዳንስ ክፍል አለው፤ ኢንዲያና፣ ዩታና በትለር ዩኒቨርሲቲዎችም ባሌት ላይ ባተኮረ ትምህርታቸው ይታወቃሉ።

አሁን ያለችበት ቤት ካልሆነስ?

መቀየር ይቻላል፣ ነውርም አይደለም። አጣዳፊ የደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ጠብቁ፤ ትርዒት ላይ ሚና ይዛ ከሆነ ጓደኞቿን በመሐል ጥላ አትውጣ። አብዛኛው ቤት ከፊርማ በፊት አንድ የሙከራ ክፍል ይፈቅዳል። ሁለት ወይም ሦስት ቤት አሳዩዋት። በመኪና ስትመለሱ «ወደድሽው?» ከማለት ይልቅ «ምን አረሙሽ?» በሏት። የነገሯትን በራሷ ቃል መልሳ ካስረዳች መምህሩ ደርሶባታል።

አዲሱ ቤት ከነበረችበት ደረጃ አንድ ዝቅ ሊያደርጋት ይችላል። መምህሩ ምን እንደጎደላት ለይቶ ከነገራችሁና በስንት ጊዜ እንደሚስተካከል ከገለጸ ተቀበሉት። ኮንትራቱን ግን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ብዙዎቹ የዓመቱን ሙሉ ክፍያ ያስገድዳሉ፤ ልጅቷ ተጎድታ ብታቋርጥ ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ የሚለውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አግኙት። ከሌለ በጽሑፍ አስጨምሩ።